የጎረቤት ቅሬታ የሚሸፈንበት ገንዘብ እንፈልጋለን (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ)

እንዴት ናችሁ የድሬ ልጆች? እዚህ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ጅቡቲም የገባችሁ፣ ባሕር የተሻገራችሁም።

ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም፤ ገንዘብ ልንለምናችሁ ነው። ሳቢያን ውስጥ እድራችን አንድ ቤት አለው። አራት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ መሀል ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ። ይህን መኖሪያ ቤት የሰፈሩ ልጆች ማንበቢያ እናድርገው ብለን ተነሣን። ጎረቤቶች ተቃወሙን። የምንለምነው ብር ታዲያ ለመጽሐፍ አይደለም፣ ለወንበርም አይደለም። ጎረቤቶቻችን ላነሱት ቅሬታ ማስተካከያ ነው። ምክንያቱም ልክ ናቸው።

ከዓመታት በፊት ቤቱን ለአንድ ነጋዴ አከራይተነው ነበር። ልኖርበት ነው ብሎ ገባ። ስድስት ወር ሳይሞላ መጋዘን አደረገው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አይሱዙ ወደ ኋላ እየገባ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። የአንዲት እናት አጥር ተገጨ። የፍሳሽ ቦዩ ክዳን ተሰባበረ። ሰው አቤት ሲል እድሩ ኪራዩን እየተቀበለ ዝም አለ። እድሩ ማለት ደግሞ እኛው ነን። ሰውየውን ለማስወጣት ሁለት ዓመት ፈጀብን።

እንግዲህ "አሁን ደግሞ ማንበቢያ ቤት ልናደርገው ነው" ስንል ማን ይመነን? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

በስብሰባው ቀን መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ከቤቱ ጋር አጥር የሚጋሩ ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ጥገና ያሳለፉ ሰው ናቸው። ማስታወሻ ደብተር ይዘው ነው የመጡት። "አቦ ልጆቼ፣ ንባብ አልጠላም" አሉ። "መጸዳጃው የት ነው?"

ማንም አልመለሰም። ቤቱ ያለው ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ነው። በቀን 60 ልጅ ቢመጣስ?

ነገሩ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ስትጠጣባቸው ከኖረችባቸው ጉድጓዶች ብዙዎቹ ደግሞ እዚሁ ሳቢያን ናቸው። ከመጸዳጃ ወደ መሬት የሚሰርገው ፍሳሽ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር እንዲበዛ ያደርጋል፤ የከተማችንም ችግር ይኸው ነው። ናይትሬት በብዛት ሲገኝ ክፉኛ የሚጎዳው በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ነው። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ውሃውን አፍልቼ እሰጠዋለሁ ቢባል አይሆንም። ናይትሬት በመፍላት አይጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይጠነክራል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ዙሪያውንና ታቹን በደንብ የተለሰነ፣ የማያሰርግ፣ በመኪና የሚመጠጥ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ከጠቅላላው ወጪያችን ትልቁን የሚወስደው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ስለ ዝናብ ነበር። እኛ ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ልንሞላው አስበን ነበር። አቧራ እንዳይኖር፣ ለዓይንም እንዲያምር። እሳቸው ሳቁ። በሐምሌ 1998 ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ውስጥ ውሃ የሚገባበትን መሬት መድፈን! ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል። የእኛ ግቢ ደቻቱን አይሞላም። የእሳቸውን ሳሎን ግን ይሞላል፤ ቤታቸው ከእኛ ዝቅ ያለ ነው። አሁን ሲሚንቶው ቀርቶ ጠጠርና ድንጋይ እየተራራቀ ይነጠፋል፣ በአጥሩ ሥር ቦይ ይወጣል። ኒሙም ይተርፋል።

ጎረቤቶች ያነሱት የባጃጅና የጩኸት ጉዳይ ቀላል ነው። በሩን በሰፊው መንገድ በኩል እናዞረዋለን፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

የከበደን "ነገ አዳራሽ ብላችሁ ለሰርግ ታከራዩታላችሁ" የሚለው ነው። ይህን ብር አይፈታውም። ቤቱ ለድግስም ለዕቃም እንደማይከራይ በቃለ ጉባኤ አስፍረን ፈረምን። የፈቃድ ማመልከቻው ላይም የጻፍነው "ማንበቢያ" ብቻ ነው።

ስለ ፈቃዱ ካነሣን፣ አምስት ወር የባከነው በራሳችን የዋህነት ነው። ደብዳቤ ጽፈን፣ የእድሩን ማኅተም መትተን የሚያልቅ መስሎን ነበር። መኖሪያ ቤት የሕዝብ መገልገያ ሲሆን ግድግዳው ያው ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ሌላ ቤት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን "ሀ"፣ "ለ" እና "ሐ" ብሎ ሲከፍል፣ ተራ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ "ሀ" ላይ ዋለ፤ የሕዝብ መገልገያ ደግሞ ከፋብሪካ ጋር "ሐ" ውስጥ ገባ። አራት ክፍል ቤት ከፋብሪካ ጋር! መጀመሪያ ተናደድን። ኋላ ግን 60 ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር ብለን ስናስበው ዝም አልን። ስለዚህ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ) ንድፍ በባለሙያ መሠራት አለበት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በአገር ደረጃ ሲወጣ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። የእኛ ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ነው የሚኖሩት። ቴሌቪዥኑ እዚያው፣ ሙቀቱ እዚያው። መብራት ምሰሶ ሥር ቁጭ ብለው የሚያጠኑ አሉ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እድሩ ከተቀማጩ 400 ሺህ ብር መድቧል። የቀረው 900 ሺህ ብር ነው። መጀመሪያ የሚከፈለው ለንድፉ ነው፤ ያለ ንድፍ ፈቃድ የለም፣ ያለ ፈቃድ አንድ ብሎኬት አናነሣም። ፈቃዱ ከተከለከልን ለንድፍ ከወጣው በቀር የተረፈው በየደረሰኙ ይመለሳል።

ብር የሌለው ጉልበት ይስጠን። የሳኒተሪ ንድፍ የሚሠራ የሰፈር ልጅ ካለ የክፍያውን ግማሽ ቢምረን ትልቅ ነገር ነው። ግንበኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጠጠር የሚያመላልስ መኪና ያለው፣ ሁላችሁም ትጠቅሙናላችሁ። ውጪ ያላችሁ እዚህ ባሉ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ። ክፍያ የሚፈጸመው ለእድሩ ሒሳብ ሹም ብቻ ነው፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

የገንዘቡ ተቆጣጣሪ ማን እንደሆነ ገምታችኋል። ጡረተኛው ጎረቤታችን ናቸው። ራሳቸው አልጠየቁም፤ ለምነን ነው የተቀበሉን። ያለ እሳቸው ፊርማ አንድ ብር አይወጣም። ከባቡሩ ጋር ስለተቆረቆረው የከዚራ ሰፈር ማውራት ይወዳሉ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ መጀመሪያ መንገዱ ተሠመረ፣ ቤቱ ኋላ መጣ ይላሉ። እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው ማለታቸው ነው።

ተቃውሞ ያላችሁም ኑ፤ ያልታየን ነገር ካለ ከመቆፈሩ በፊት ብንሰማው ይሻላል። ዘወትር እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት በሩ ክፍት ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ኑ።