የጣርማበር መንገድ በዋሻው አልተጀመረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና አድርጎ ደሴ ስለሚደርሰው አውራ ጎዳና ያወጣችሁት ጽሑፍ ታሪኩን ጣሊያን ደብረ ሲና አጠገብ ተራራ በስቶ ከሠራው ከጣርማበር ዋሻ ጀምሮ መተረኩ ትክክል አይደለም።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተንቀሳቀሰው የወራሪው የጣሊያን ጦር አዛዥ የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ሠራዊት ጣርማበር ላይ የተገታው ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰው ስለጠበቁት ነው። ያልነበረ መንገድ ደግሞ አይፈርስም። ጣሊያን ከዚያ በኋላ ጥርጊያውን አስፍቶ አስፋልት አለበሰው፣ ተራራውንም በሳው። ሥራው ከባድ እንደነበር አልክድም፤ ዋሻውን በሌሊት ጭጋግ ያቋረጠ ሾፌር ሁሉ ይመሰክራል። ዓላማው ግን ጦርና ስንቅ ማመላለስ እንጂ የይፋትን ገበሬ ከገበያ ማገናኘት አልነበረም። ጽሑፉ ይህን ሳያነሣ ለጣሊያን ምስጋናውን ብቻ ማዝነቡ ቅር ያሰኛል።

ከነጻነት በኋላ ያለው ዘመንም ተዘልሏል። ጎርፍና ናዳ የሚፈታተነው ይህ ቁልቁለት እስከ ዛሬ የሚያገለግለው በየጊዜው ስለተጠገነ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም እንዲህ ያሉትን መንገዶች ለመጠገንና አዲስ ለመሥራት ነበር።

ስለዚህ በዋሻው ሁለት አፎች የመንገዱን ታሪክ በአጭሩ የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲተከል፣ በሰሌዳውም ላይ ከጣሊያን በፊት የነበረው ጥርጊያና የ1928ቱ መከላከል እንዲሰፍሩ፣ ጋዜጣችሁ ጉዳዩን ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን