«አስተማማኝ» ተብሎ ስለተሸጠልን ከመስመር ውጭ የስኪ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለጉዞ ወኪሉ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጄኔቭ

ጉዳዩ፦ ባለፈው ጥር ወር በቫሌ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ባዘጋጃችሁልን የሁለት ቀን የፍሪራይድ፣ ማለትም ከተደለደለ መስመር ውጭ በበረዶ ላይ የመንሸራተት፣ ጉዞ ስለታየው የደኅንነት ጉድለት ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል።

እኔና አራት ጓደኞቼ ሁላችንም በስዊዘርላንድ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንሆን፣ ድርጅታችሁ በአማርኛ ባሰራጨው ማስታወቂያ ላይ «ከተደለደለው መስመር ውጭ፣ በባለሙያ መሪ፣ አስተማማኝ የፍሪራይድ ስኪ» የሚለውን አንብበን ለእያንዳንዳችን የተጠየቅነውን 640 ፍራንክ ከጉዞው አንድ ወር አስቀድመን ከፍለናል። ማስታወቂያውን ያነበብነው በአማርኛ ስለሆነ ቅሬታውንም በአማርኛ ማቅረብን መርጠናል፤ ጉዞውን በውክልና ለመራው ድርጅት የምታስተላልፉት ከሆነ የፈረንሳይኛውን ቅጂ ለመላክ ዝግጁ ነን።

ቅሬታችን ተራራው አደገኛ ሆነብን የሚል እንዳልሆነ ከወዲሁ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። ሁላችንም ቢያንስ ስድስት ክረምት በተደለደሉ መስመሮች ላይ ተንሸራትተናል። በዚህ አገር የስኪ ስፍራዎች በቢጫ ምልክት የተከለሉት መንገዶች በማሽን ባይደለደሉም ከበረዶ ናዳ እንደሚጠበቁ፣ ከእነሱ አልፎ ያለው ግን ጠባቂ የሌለው ክፍት ተራራ እንደሆነ እናውቃለን። በክፍት ተራራ ላይ «አስተማማኝ» የሚባል ነገር ለማንም ሊሸጥ አይችልም። ሊሸጥ የሚችለው የባለሙያው ጥንቃቄ ነው፤ ይኸውም የዕለቱን የናዳ መግለጫ ማንበብ፣ መሣሪያ መፈተሽ፣ ለቡድኑ አቅም የሚመጥን ቁልቁለት መምረጥ፣ ሰዎችን አንድ በአንድ ማውረድ ነው። እኛም የከፈልነው ለዚሁ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከኬብሉ ጣቢያ ሥር ስንገናኝ፣ በማስታወቂያው ላይ ቡድኑ ከስድስት ሰው አይበልጥም የተባለው ዘጠኝ ሆኖ አገኘነው። መሪው ከአንድ ትልቅ ቦርሳ ውስጥ አካፋ፣ ተጣጣፊ መመርመሪያ ዘንግና ቢፐር እያወጣ አደለንና «እንሂድ» አለ። ቢፐር የምንለው በ457 ኪሎ ኸርትዝ ሞገድ የሚሠራ፣ ደረት ላይ የሚታሰር፣ በናዳ የተቀበረን ሰው ለማግኘት የሚያገለግል መሣሪያ እንደሆነ ታውቃላችሁ። መሪው ከመነሳታችን በፊት አንድ ቦታ ቆሞ እያንዳንዳችንን በፊቱ እያሳለፈ የመሣሪያችን ሲግናል መድረሱን ማረጋገጥ ነበረበት፤ ለዘጠኝ ሰው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህ አልተደረገም። ከቡድኑ ውስጥ ሦስቱ መሣሪያውን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደያዙት እየተናገሩም፣ ከመላኪያ ወደ መፈለጊያ እንዴት እንደሚቀየር እንኳ አልተነገራቸውም።

በዳቮስ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም በክረምት በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚያወጣውን መግለጫ በዋዜማው አንብቤው ነበር። የአደጋው ደረጃ ከአምስቱ 3ኛው፣ አደገኞቹ ቁልቁለቶች ከ2200 ሜትር በላይ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ የዞሩት፣ ምክንያቱም ነፋስ የከመረው አዲስ በረዶ ደካማ በሆነ አሮጌ በረዶ ላይ መቀመጡ እንደሆነ ተጽፎበታል። 3ኛ ደረጃ በቁጥር መካከለኛ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘናጋበታል፤ ይሁንና በዚህ አገር በናዳ ከሚሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በእንዲህ ዓይነት ቀን ነው። ይህንን ለመሪው ሳነሳለት የሰጠኝ መልስ «ትናንትም ወርደንበታል» የሚል ብቻ ነበር። ትናንት ያለፈ ሰው ዱካ ቁልቁለቱ ዛሬ እንደሚይዝ ማስረጃ እንደማይሆን ለክፍት ተራራ ጀማሪ ለሆንኩት ለእኔ ሳይቀር የተነገረኝ ነገር ስለሆነ፣ መልሱን ከባለሙያ አፍ መስማቴ አሁንም ይገርመኛል።

የቢጫውን ምልክት አልፈን ወደ ሰሜን የዞረ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሁላችንም ተቀራርበን እየሄድን ነበር። በዚህ ጊዜ ከእግራችን ሥር ከባድ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ የሚያሰማውን ዓይነት የታፈነ ድምፅ ሰማን፤ ወዲያውም ከመሪው ስኪ ጫፍ ጀምሮ ወደ ቀኝ አሥር እርምጃ ያህል የሚሄድ ስንጥቅ ታየ። የስንጥቁ የላይኛው ጠርዝ ምጣድ ላይ እንደቆየ እንጀራ ከሥሩ ተላቆ ብድግ ያለ ሲሆን፣ በውስጡ የሚታየው የታችኛው በረዶ እንደ ስኳር የተበተነ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ነበር። ቁልቁለቱ ግን ተንዶ አልወረደም። መሪው ወዲያውኑ አስቁሞን፣ ተራርቀን አንድ በአንድ በመጣንበት ወደ ሸንተረሩ እንድንመለስ አድርጓል፤ ይህንን በትክክል መሥራቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ማታ ሥፍራውን በመንግሥት የካርታ ድረ ገጽ ላይ ስፈልገው፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ያዘነበለ መሬት በሚለይበት በብርቱካንማ ቀለም ተሸፍኖ አገኘሁት። የናዳ ስጋት ትኩረት የሚሻው ከ30 ዲግሪ ጀምሮ ነው።

ደብዳቤውን ለመጻፍ ያስወሰነን ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ለምሳ ጎጆው ቤት ገብተን ጃኬታችንን ስናወልቅ የአንዷ ጓደኛችን ቢፐር ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ እንደነበር ታወቀ። የእኔን የባትሪ ክዳን ስከፍተው ደግሞ ባትሪው ፈስሶ አንደኛው የብረት ምላስ በነጭና በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል፤ ፎቶግራፉን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በናዳ ከተቀበሩት መካከል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከሚወጡት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይተርፋሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ግን የሚተርፈው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ ስለማይደርስ አዳኙ አጠገብ ያለው ጓደኛ ብቻ ነው። ያ ቁልቁለት ወርዶ ቢሆን ኖሮ፣ ሲግናል የማይልክ መሣሪያ የታሰረላትን ጓደኛችንን በዘንግ እየወጋን በጭፍን ልንፈልጋት ነበር።

ሁለተኛውን ቀን ሰርዘን ስንመለስ ወደ ቢሯችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ በትሕትና ካዳመጡኝ በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው የለም» ብለው ለሚቀጥለው ክረምት የ15 በመቶ ቅናሽ እንደሚሰጠን ነገሩኝ። ምስጋናውን እጋራለሁ፤ ቅናሹን ግን አንቀበልም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የአምስታችን ክፍያ በሙሉ፣ ማለትም 3200 ፍራንክ፣ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ከፊሉ ይበቃችኋል እንዳትሉን፣ የሁለተኛው ቀን በእኛ ፈቃድ ሳይሆን በመሣሪያው ብልሽት መቅረቱን አስቡልን። በተጨማሪም የተራራ መሪዎችንና መሰል የአደጋ ተጋላጭ ሥራዎችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለሆነ፣ መሪያችን በዚህ ሕግ መሠረት ምን ዓይነት ፈቃድ እንደነበረው፣ ፈቃዱም ያንን ቁልቁለት ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን። መሣሪያዎቹን የሚፈትሸው እናንተ ትሁኑ ወይም በውክልና የመራን ድርጅት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሹት መቼ እንደሆነም ማወቅ እንፈልጋለን።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸኩለን ማስታወቂያው ነው። ይህን እስከጻፍኩበት ዕለት ድረስ ያው ማስታወቂያ ለመጋቢት ጉዞ ሰዎችን እየመዘገበ ይገኛል፤ ከተመዝጋቢዎቹ አንዷም የአክስቴ ልጅ ናት። «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ወጥቶ፣ ጉዞው የናዳ ስጋት ባለበት ክፍት ተራራ ላይ እንደሚካሄድና ተጓዡ ምን ያህል ልምድ ሊኖረው እንደሚገባ ግልጽ በሆነ አማርኛ ይጻፍበት። ይህ እስኪስተካከል ድረስ አዲስ ተጓዥ እንዳትመዘግቡ በጥብቅ እንጠይቃለን።

መልሳችሁን ደብዳቤው በደረሳችሁ በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ካልደረሰን ጉዳዩን ከነፎቶግራፉና ከነክፍያ ደረሰኞቹ ለካንቶኑ ባለሥልጣን እናቀርባለን። ዝገት ያለበትን ቢፐር ለመሪው መልሼለታለሁ፤ ከኪራይ ዕቃዎቹ መካከል ተለይቶ እንዲቀመጥና ለማንም እንዳይታደል እንድታደርጉ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአምስቱ ተጓዦች ተወካይ

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኞች (5)፣ የማስታወቂያው ቅጂ፣ የቢፐሩ ፎቶግራፍ