ሳነቴ ላይ ከመንገድ አትውጡ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ቅዳሜ በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ሳነቴ አምባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጎባ ሆኜ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ሰው ወደ ባሌ እንዲመጣ መጋበዛችሁም ደስ ይላል፤ እንጀራዬ ነውና። እንግዳ ጭኜ ከጎባ ወደ ሪራ የምመላለስ ሹፌር ነኝ። ግን «መኪና እንደ ልብ የሚነዳበት ለጥ ያለ ሜዳ» ያላችሁት ነገር ከነከነኝ። እባካችሁ አስተካክሉልን።

ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያልፋል። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም ሜዳ ነው። ሲረግጡት ግን ሣሩ ስር ውሃ አለ። በተለይ በክረምት ትንንሹ ኩሬ ሁሉ ሞልቶ፣ ዳር ዳሩ ረግረግ ይሆናል። ይሄ መሬት ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ከባሌ ተራሮች የሚወርዱት ወልመልና ዱማል ገናሌን ይመግባሉ። ገናሌ ደግሞ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ፣ ጁባ ተብሎ ሶማሊያ ይገባል። እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር መዘዙ ሩቅ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች በሁለት መኪና ከፊታችን ይሄዱ ነበር። የሙዚቃው ጂፓስ ይጮሃል። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ክሬን የሚባሉ ሁለት ወፎች ረግረጉ ውስጥ ቆመዋል። ያቺን ወፍ ላላያት፦ እግሯ ረጅም ነው፣ ከአገጯ ስር ደግሞ ሁለት ነጭ ነገር እንደ ሎቲ ተንጠልጥሎባታል። በክረምት ውሃ የከበበው ቦታ ላይ ሣር ከምራ ነው የምትፈለፍለው። የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያም የሚያድግላት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ነው።

ልጆቹ ፎቶ ለማንሳት መሪውን ወደ ወፎቹ አዞሩት። ብዙም ሳይርቁ የፊተኛው መኪና እስከ ሻንሲው ሰመጠ። ወፎቹማ ገና ሞተሩ ሲቀርብ ተነስተው ሄደዋል። ልጆቹ ጎማው ስር የሚያስገቡት ድንጋይ ሲያጡ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጅብራ ቆረጡ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ! ጅብራ እኮ ዓመታት ሙሉ አድጎ፣ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ነው የሚሞተው። ያ የተቆረጠው ገና አላበበም ነበር። ለነገሩ ምንም አልጠቀማቸውም፤ ጭቃው ዋጠው። በመጨረሻ እኔ በካቦ ጎተትኳቸው። አመስግነውኝ፣ ሙዚቃቸውን ከፍተው ሄዱ። ክፉ ልጆች አልነበሩም። የነገራቸው ሰው የለም።

ጎማው ያወጣው ቦይ አሁንም አለ። ዝናብ ሲጥል ውሃው በዚያ በኩል ይወርዳል። እዚያው አጠገብ ያለው ሣር ዘንድሮ ገርጥቷል። እረኛው ከብቱን ረግረግ ውስጥ ሲያሰማራ ሁላችንም ጣት እንቀስርበታለን። ባለ መኪናው ሲያርሰው ግን «ጎብኚ ነው» ብለን እናልፋለን። ይሄ አይዋጥልኝም።

የሚገርመው፣ እንስሳውን ለማየት ከመንገድ መውጣት ጨርሶ አያስፈልግም። ቀይ ቀበሮ እዚያው መንገድ ዳር ይገኛል። እንደ ጅብ ሌሊት አይደለም የሚያድነው። ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ ቀን ቀን ነው የሚወጣው። ሞተር አጥፍታችሁ፣ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ። ፍልፈሉ አፈር እየገፋ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል፣ ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠጋዋል። አንድ እግር ያነሳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያነሳል። እንግዶቼ ትንፋሻቸውን ውጠው ነው የሚያዩት። በር ከፍታችሁ ከወረዳችሁ ግን አለቀ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። ውሻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ ቤት ተዉት። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ እነዚህን ቀበሮዎች ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይም እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው፤ ኩሬው ዳር አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስተኝቶ፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ባለሥልጣን ይንጎራደዳል። ከመኪናው ውስጥ ሆኖ በደንብ ይታያል።

ለሚመጡት ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በዚያው ቀን ሳነቴ አትውጡ፤ ራስ ምታቱ ጉዞውን ያበላሽባችኋል። ዲንሾ ወይ ጎባ እደሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ጭጋግ ይወርዳል። ወፍራም ጃኬትም ኮፍያም ያዙ፤ ብርዱም ፀሐዩም አይማርም።

ሳነቴ ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ሲመጣ የማየው መኪና በዝቷል። ስለዚህ የሚመለከተው አካል ቢያንስ መኪና አዘውትሮ የሚወጣባቸውን ቦታዎች በትላልቅ ድንጋይ ይዝጋልን። በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ ምልክትም ይተከል። ብዙ ወጪ የለውም። ቦታዎቹን ለማሳየት እኔም ሌሎች የጎባ ሹፌሮችም ፈቃደኞች ነን።

አንባቢያችሁ፣ ከጎባ