የበለዘ ቆዳ አይታሽም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰው ተጋጭቶ ቆዳው ሲበልዝ ወዲያው ማሸት ይቀናናል። እባካችሁ ይህን ልማድ እንተወው። ቆዳ የሚበልዘው ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ተበጥሰው ደም ስለሚፈስ ነው። ሲታሽ ይብሳል። በመጀመሪያው ቀን የሚበጀው ቅዝቃዜ ነው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ አንስቶ ቆዳውን ማሳረፍ፣ ከዚያ መድገም። ከ2 ቀን በኋላ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይስማማዋል።

እናቴ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። የወንበር ጠርዝ ነካ ካደረጋት ክንዷ ላይ መዳፍ የሚያክል ጥቁረት ይወጣል። ጠይም ስለሆነች ቅላቱ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ በእጄ ጀርባ ዳበስ አድርጌ ሙቀቱንና እብጠቱን አያለሁ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር "መድኃኒቱን አቁሚው" ይላታል። ይሄ በጣም ያናድደኛል! ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቆም ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲመጣ በር ይከፍታል። ለሕመሙ አስፒሪንና አይቡፕሮፌንም አንሰጣትም፤ መድማቱን ያባብሳሉ።

ጭንቅላቷን ከተመታች ግን፣ "ደህና ነኝ" ብትልም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ያለ ምክንያት የሚበልዝ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው የሚደማ ሰውም ይታይ። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ላይ ብልዘት ከታየም እንዲሁ። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየም ዝም አይባል።

በጤና ዓምዳችሁ ደም ማቅጠኛ ስለሚወስዱ አረጋውያን ሰፋ አድርጋችሁ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

እናቷን የምታስታምም አንባቢያችሁ