ለልጄ፦ አባባ ከትምህርት ቤት ስለቀሩባቸው ቀናት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ቢያመውም የጠዋት እርምጃውን አልተወም።

ባለፈው እሑድ በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። መስመሩም ተቆራረጠ፣ እኔም ተናድጄ አጉል ተናገርኩሽ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ጣልያን በኤርትራ ለአገሬው ሰው ስለከፈተው ትምህርት ቤት ስታነቢ፣ ልጆቹ ከክፍል በብዛት ይቀሩ የነበረው ወላጆቻቸው የትምህርትን ጥቅም ስላልተረዱ ነው የሚል አግኝተሽ ልትጽፊው ነው። ከመጻፍሽ በፊት አያትሽ ለምን እንደቀሩ ስሚኝ።

አባባ የተወለዱት ከመንደፈራ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ጣልያኖች ከተማዋን አዲ ዑግሪ ይሏት ነበር። ትምህርት ቤት የገቡት በ1927 ዓ.ም. በዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የገቡትም አባታቸው አስካሪ ስለነበሩ ነው፤ ለጣልያን ጦር ያደረ ሰው ልጁን ማስገባት ይቀለው ነበር። እህታቸውን ግን ማንም አልጠራትም። የሴት ልጅ ስም በዚያ መዝገብ ላይ እምብዛም ስለማታገኚ፣ ስለ ቀሪዎች ስትጽፊ ከመጀመሪያውም ያልተጠሩትን አትርሻቸው።

ጠዋት ባንዲራ ይሰቀላል፣ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ለዱቼ፣ ማለትም ለሙሶሊኒ፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ከዚያ ስም ይጠራል። መልሱ "ፕሬዘንቴ" ነው፤ አለሁ ማለት ነው። አባባ እስኪያረፉ ድረስ ሰው ስማቸውን ድንገት ከፍ አድርጎ ሲጠራቸው ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር። ልጅ ሆኜ ያስቀኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር አባታቸውን ወሰዷቸው። ያኔ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የኤርትራ ወንድ ታፍሶ ለጦርነቱ ተሰልፏል። ቤት የቀሩት እናታቸው፣ ሁለት ታናናሾችና አንድ ጥማድ በሬ ናቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ዕርፍ ጨብጦ አረሰ። በመኸር አጨደ፣ ወቃ፣ ዝንጀሮ ጠበቀ። መምህሩ ስማቸውን ሲጠራ "ፕሬዘንቴ" የሚል ጠፋ፤ ቀሪ ተብሎ ተመዘገበ። ልጄ፣ አባትየውን ለጦርነቱ የወሰደውና ልጁን ቀሪ ብሎ የጻፈው አንድ መንግሥት ነው። እናታቸው የትምህርት ጥቅም ባይገባቸው ኖሮ፣ ዝናብ ባለመጣበት ወር ሁሉ በማለዳ ቀስቅሰው፣ ቂጣ በጨርቅ ቋጥረው ባላሰናበቷቸው ነበር። ይህን አባባ ሲያወሩ እንባቸው ይመጣ ነበር።

ምን ተማሩ ላልሽኝ፣ አንዳንዱን ካንቺ መጻሕፍት ቀድሜ ከአባባ አፍ ሰምቼዋለሁ። ጣልያንኛ፣ ሒሳብ፣ ንጽሕና፣ የእጅ ሥራና የአትክልት ሥራ። ንጽሕናው እጅ መታጠብ፣ ጥፍር መቆረጥና ዝንብ ማባረር ነው፤ እሱስ ባልከፋ። የማንበቢያ መጽሐፋቸው ጣልያንኛና ትግርኛ ጎን ለጎን የታተመበት ነበር። ከታሪክ ጋሪባልዲን፣ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌንና ሙሶሊኒን ያውቃሉ። የራሳቸው አገር ታሪክ ግን በአንድ ገጽ እንኳ አልነበረም። ዓፄ ዮሐንስን ያወቋቸው ከሽማግሌ አፍ ነው፤ አሉላን ያወቁት በዘፈን ነው።

ከዚያ አራተኛ ክፍል ላይ በሩ ተዘጋ። አባባ ሰነፍ ሆነው አይደለም። በፈረንጆች 1938 የቅኝ ግዛቱ ትምህርት ኃላፊ አንድሬያ ፌስታ ለርእሰ መምህራኑ ያስተላለፈውን መመሪያ አንቺም ሳታገኚው አትቀሪም። የኤርትራ ተማሪ አራተኛን ሲጨርስ ጣልያንኛ በመጠኑ ይናገር፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈልን በተለመደው ልክ ይወቅ፤ ንጽሕናን በእምነት የሚሰብክ ይሁን፤ ከታሪክ ጣልያንን ታላቅ ያደረጉትን ሰዎች ስም ብቻ ይወቅ ይላል። መጀመሪያ ሳነበው አባባን የሚገልጽ መሰለኝ። የሚያውቁት ልክ ያንኑ ነበር። የሚያዝዙት ሰው እንዲረዳ፣ ዕቃ እንዲቆጥር፣ እንዲተረጉም እንጂ እንዲጠይቅ ያልታሰበ ልጅ በልኩ ተሰፍቶ ወጣ።

የፋሺስቶች ጥፋት ብቻ አድርገሽም አትጻፊው፤ ሥሩ ከዚያ ይቀድማል። የኤርትራ የመጀመሪያው ሲቪል ገዥ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ራሱ የአገሬውን ሰው ማስተማር የሚጠላ ሰው ነበር። የስዊድን ሚሲዮኖች በአገሬው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ያስተምሩ ነበር፤ እነሱንም በ1920ዎቹ ዘጉባቸውና አባረሯቸው። በዚያው ዘመን አስመራ ውስጥ የጣልያን ልጆች እስከ ሁለተኛ ደረጃ ይማሩ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ለብቻ፣ ሰፈሩም ለብቻ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያደረጉትንም ታውቂዋለሽ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ገደሉ። የተማረ ሰው ምን እንደሚያደርግ በደንብ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

አባባ በ1931 ዓ.ም. አራተኛን ጨርሰው አስመራ ጋራዥ ውስጥ ተላላኪ ሆኑ። ካቻቢቴና ፒንሳ ማቀበል ነበር ሥራቸው። በ1933 ከረን ወድቃ እንግሊዞች ሲገቡ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በዛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኑ፣ መምህራኑም የአገሩ ልጆች ሆኑ። እንደ መምህር ይስሐቅ ተወልደ መድኅን ያሉ ሰዎች ብዙ የደከሙት ያኔ ነው። ወልደአብ ወልደማርያም የሚያዘጋጁትን የትግርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ አባባ እየተዋሱ ያነብቡ ነበር። ለአባባ ግን ረፈደ፤ ታናናሾቻቸውን የሚያበላ ሌላ ሰው አልነበረም። ትንሽ የማታ ትምህርት ጀምረው ሥራው አቋረጣቸው።

አሁን የምነግርሽን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጣልያኖች መኪናቸው በሚሊሜትር ነው፤ አሥር ቁልፍ፣ አሥራ ሦስት ቁልፍ፣ አሥራ ሰባት ቁልፍ። አባባ ይህን ቆጥረው ያውቁታል። የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪኖች ሲመጡ ቁልፉ በኢንች ሆነ፤ 3/8፣ 7/16፣ 1/2 የሚል ተቀርጾበታል። ክፍልፋይ ግን ከአራተኛ ክፍል በላይ ነው፤ አላስተማሯቸውም። ከ3/8 እና ከ7/16 የትኛው እንደሚሰፋ ቁጥሩን አይተው መለየት አይችሉም። ስለዚህ ቁልፎቹን በሙሉ በዓይናቸውና በእጃቸው አጠኗቸው፤ ጨለማ ውስጥ ዳስሰው ይለዩ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ መጥቶ አዲስ አበባ ሲመጡም፣ ዋና መካኒክ ሲሆኑም እንዲሁ ነበሩ። ሰው ሁሉ "የእጃቸው ተሰጥኦ" ይል ነበር።

እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ማታ የቤት ሥራዬን ስሠራ ከጎኔ መጥተው ተቀመጡ። ዝም ብለው ብዙ አዩኝ። ከዚያ "ላጲስ ስጪኝ" አሉኝ። ማጥፊያውን ሰጠኋቸው። ሳቁ፤ በጣልያንኛ ላጲስ እርሳስ ነው፣ እሳቸውም ያወቁት እንደዚያ ነው። እርሳሱን ተቀብለው ደብተሬ ጠርዝ ላይ 3/8 እና 7/16 ጻፉና "የትኛው ይበልጣል? ለምን?" አሉኝ። መምህራችን እንዳሳየችን 3/8ን ላይም ታችም በሁለት አባዝቼ 6/16 አደረግኩት። "ሰባት ከስድስት ይበልጣላ፣ አባባ" አልኳቸው።

እርሳሱን አስቀምጠው ሁለቱን ቁጥሮች እያዩ ቆዩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። "ይኸው ነው እንዴ?" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ይኸን ለመንገር አንድ ቀን ይበቃቸው ነበር።"

ከዚያ ቀን በኋላ የራሳቸውን ደብተር ገዙ። እኔ የተማርኩትን ማታ ማታ እነግራቸዋለሁ፤ ሳልቀር መሄዴን ጠዋት በር ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ ታምሜ ስቀር እሳቸውም ይከፉ ነበር፤ ትምህርቱ ለሁለት ሰው ነበራ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አብረን ደረስን። በ1985 ዓ.ም. ሲያርፉ ደብተሮቹ ከአልጋቸው ሥር ካለው ሣጥን ነው የተገኙት።

አንቺ መዝገቡን ስትቆጥሪ ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት ቀሩ፣ ስንት አራተኛን ጨረሱ ትያለሽ፤ ሥራሽ ነው፣ ቁጥሪ። ግን ልጁ የቀረበትን ወር ከእርሻው ወር ጋር አስተያዪው። የ1928ን ቀሪዎች ከተመለመሉት አስካሪዎች ጋር አስተያዪያቸው። አራተኛን የጨረሰ ሁሉ ለምን አራተኛ ላይ እንደቆመም ጻፊ፤ አለዚያ ያነበበሽ ሰው አቅማቸው እስከዚያ ነበር ይላል። አባባም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያመኑት እሱን ነበር፤ "እኔ እኮ አራተኛ ነኝ" እያሉ ከተማረ ሰው ፊት አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

የመጀመሪያውን ደብተር በአክስትሽ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ሐሙስ ትደርሳለች። ገጾቹ በግሪስ የጣት አሻራ ጠቁረዋልና ላጽዳው እንዳትይ። ፎቶ ካነሳሽው በኋላ ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ።

እናትሽ