እትዬን ሸኘናት

ውድ ልጄ፣

ነርሷ እትዬ ለሥራ ወደ ጀርመን ልትሄድ ስለሆነ ቅዳሜ ከክፍሉ ባልደረቦች ጋር ሸኘናት። አንቺ ጎንደር ፈተና ላይ ስለነበርሽ አልተገኘሽም። እኔ ግን የሆነውን ልነግርሽ እፈልጋለሁ፤ አንቺም ነርስ ልትሆኚ ነው፣ ከምትወጃት የሥራ ባልደረባሽ የምትለያዪበት ቀን ይመጣል።

ዝግጅቱ የምታውቂው ነው። መዋጮ ተዋጣ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ጀርመን ብርድ ነው ብለን ጋቢ አለበስናት።

ከሁሉም በልጦ ልቤ ውስጥ የቀረው የተባለው ነገር ነው። አንዷ ተነሥታ «በቃ፣ ጥለሽን ልትሄጂ ነው?» አለቻት። በፍቅር ነው ያለችው። እትዬ ግን አንገቷን ደፋች። እሱን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ስንት ሌሊት ለሰው ልጅ ስትል ቆማ ያደረች ሴት እንደ ባለዕዳ መሸኘት የለባትም።

የሰው እጥረቱ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የጤና ባለሙያ እጥረት የበረታባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም አለችበት። ሀብታሞቹ አገሮች ከእነዚህ አገሮች ባለሙያ በዘመቻ እንዳይመለምሉ ይመከራል። አንድ ሰው በራሱ አመልክቶ እንዳይሄድ ግን ማንም አይከለክለውም። ልክ ነው እላለሁ። ክፍሉን በሰው መሙላት የአሠሪው ሥራ ነው፤ በአንዲት ነርስ ሕሊና ላይ አይጣልም።

ደግሞስ በቀላሉ መች ሆነላት? ከናይት ዲውቲ ወጥታ፣ ዓይኗ እንቅልፍ እያለ ጀርመንኛ ትማር ነበር። እዚያ በነርስነት እውቅና ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ቢ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል። ማስረጃዋ ተመርምሮ እስኪያልቅ ረዳት ሆና ነው የምትሠራው። ያን ሁሉ ልምድ ይዛ ከታች መጀመሯ እኔን ያንገበግበኛል። እሷ ግን «ምን አለበት፣ እማራለሁ» አለችኝ።

ተራዬ ሲደርስ «ጎበዝ ነሽ፣ እንወድሻለን» ብዬ ብቀመጥ ደስ አይለኝም ነበር። ያስተማረችኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። የሁለት ኪሎ እንኳ ያልሞላ ሕፃን ደም ሥር ሲጠፋብን ሁላችንም የምንጠራው እሷን ነበር። ካኑላውን፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ከማንሣቷ በፊት የሕፃኑን እጅ በእጇ ይዛ ታሞቃለች። አትቸኩልም። እናትየው አጠገቧ ቆማ ብታለቅስም እንኳ አትቸኩልም።

ካንጋሮውን ደግሞ ከማንም በላይ የተማርኩት ከእሷ ነው። ክላስ ውስጥ ተምረሽው ይሆናል፦ ያለጊዜው የተወለደውን ሕፃን ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጎ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ቀጥ አድርጎ ማሰር። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ማሞቂያ በማይበቃበት ሆስፒታል የተጀመረ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። መመሪያው ግን እናቲቱን አያሳምናትም፣ ልጄ። እናቶቹ ሕፃኑን መንካት ይፈራሉ፤ ሰው ፊት ደረታቸውን መግለጥ ያፍራሉ። እትዬ መጀመሪያ መጋረጃውን ትስባለች። ከዚያ ወንበር አምጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ስለ ቤታቸው፣ ስለ ሌሎቹ ልጆቻቸው ትጠይቃቸዋለች። ወሬው ሲሞቅ ሕፃኑ ደረታቸው ላይ ነው።

እናትየው ኦፕራሲዮን ሆና ካልተነሣች አባትየውን ትጠራለች። «አባቱ፣ ሸሚዝዎን ይፍቱ» ስትል ሰውየው የሚገባበት ይጠፋዋል። በኋላ ግን «በቃ አሁን ስጠኝ» ቢባል እሺ አይልም። ይህን ከእሷ በፊት የደፈረ በእኛ ክፍል አላየሁም። እሱንም ነገርኳት። ያን ጊዜ ቀና አለች፤ አለቀሰችም፣ ሳቀችም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰኞ ክፍሉ ከብዶኛል። የተረኞች ርክክብ ላይ ድምጿን እጠብቃለሁ። ይህንንም ደብቄ አልሸኘኋትም፤ «ትጎድይብኛለሽ» ብያታለሁ። መናፈቅና መውቀስ ለየቅል ናቸው። የአንቺም ቀን ሲደርስ የመጀመሪያውን ንገሪያት፣ ሁለተኛውን ተይው።

የካንጋሮ እናቶችን አሁን እኔ ይዣለሁ። ለአዲሶቹ ነርሶች የጻፈችውን ደብተርም ለእኔ ትታዋለች፤ ስትመጪ ታነቢዋለሽ።

የምትበረው ሐሙስ ማታ ነው። ከዚያ በፊት ደውይላት። ስለ ካኑላው ባለፈው የጠየቅሽኝን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስረዳሽ።

እናትሽ