ልክ ጎማ ለልክ ቸርኬ፦ ለጎንደር የጋራ የብስክሌት መጠገኛ የድጋፍ ጥሪ

በጎንደርና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በሌላ ከተማም ሆነ በውጭ አገር ላላችሁ የጎንደር ልጆች፦

ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ በብስክሌት የሚመላለስ ተማሪና ሠራተኛ አለን። ብስክሌቱ ቆሞ የሚቀረው ደግሞ በአብዛኛው በጎማና በቸርኬ ጣጣ ነው። ስለዚህ ጠጋኞችና ነጂዎች ተሰባስበን ማንኛውም ሰው ጎማውን አስለክቶ፣ ልኩን በመግዣ ዋጋ ወስዶ፣ ቸርኬውን አቃንቶ የሚሄድበት የጋራ መጠገኛ ልንከፍት ተነስተናል። ባለሙያው በነፃ ይሠራል፤ ክፍሉም ተገኝቷል። የቀረው መሣሪያና የመጀመሪያው ዕቃ ነው።

ቅድሚያውን ለመለኪያ የሰጠንበት ምክንያት አለ። «26 ቁጥር ጎማ» ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ሊሆን ይችላል። 26 × 1.75 ተብሎ የሚሸጠው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ዲያሜትር 559 ሚሊሜትር ነው፤ 26 × 1 3/8 የተባለው ግን 590 ነው። ስማቸው አንድ፣ ልዩነታቸው 31 ሚሊሜትር! በ28 ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ የድሮው ከባድ ብስክሌት 28 × 1 1/2 ጎማ 635 ሲሆን 700ሲ የሚባለው 622 ነው። እውነተኛው ልክ በጎማው ጎን ላይ እንደ 47-559 ተደርጎ ይጻፋል። የፊተኛው ስፋቱ፣ የኋለኛው ዲያሜትሩ ነው፤ ይህም አይኤስኦ 5775 የተባለው ዓለም አቀፍ አጻጻፍ ነው። የኋለኛው ቁጥር ከቸርኬው ጋር አንድ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

የማይገባ ጎማ የከፋ ጉዳት የለውም፤ ብር ያስከፍላል እንጂ ሰው አይጥልም። የሚያስፈራው በቀላሉ የሚገባው ነው። 630 የሆነ የ27 ቁጥር ጎማ በ622 ቸርኬ ላይ ያለ ማውለቂያ፣ በእጅ ብቻ ይገባል። የ8 ሚሊሜትር ትርፍ ስላለው ግን አየሩ ሲሞላ ጠርዙ ከቸርኬው ይወጣል፣ ከመነዳሪው (አየሩን የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ይፈነዳል። ይህ ቁልቁለት ላይ፣ በፊት ጎማ ከሆነ መቆጣጠር የሚባል ነገር የለም። ጎማ ሲገጠም ትንሽ አየር ሰጥቶ ማቆም፣ ከጠርዙ በላይ ዙሪያውን የሚሄደው ቀጭን መስመር በሁለቱም ጎን ከቸርኬው እኩል መራቁን ማየት፣ ከዚያ መሙላት ነው። መስመሩ አንድ ቦታ ከሰመጠ ወይም ከወጣ አየሩን ለቆ እንደገና ማስተካከል።

ስፋትም ይታያል። ጎማው ከቸርኬው የውስጥ ስፋት አንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመከራል። የውስጥ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር የሆነ ቸርኬ ከ28 እስከ 47 የሆነ ጎማ በደንብ ይሸከማል። ከዚያ ሲሰፋ መታጠፊያ ላይ ይወላገዳል፤ ሲጠብ ቸርኬው ለኮብልስቶኑ ጠርዝ ይጋለጣል።

ከመነዳሪ ሲበሳ ቶሎ ከመለጠፍ በፊት ቀዳዳው የት እንዳለ መመርመር ያስፈልጋል። ጎማውን ስንገጥም ጽሑፉን ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ የምናደርገው ለዚህ ነው፤ ከመነዳሪውን አውጥተን ጎማው ላይ ስናስተኛው ቀዳዳው ጥፋተኛውን ቦታ ይጠቁማል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ አየር አንሶት ከድንጋይ ጋር ተቆንጥጧል። በውጭ በኩል ከሆነ የግራር እሾህ ነው፤ ስባሪው ጎማው ውስጥ ቀርቶ አዲሱንም ይበሳል፣ ስለዚህ ውስጡን በጥጥ ጨርቅ ማበስ ነው፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። በውስጥ በኩል፣ ማለትም በቸርኬው ወገን ከሆነ ደግሞ የራጂውን (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዘውን ቀጭን ሽቦ) ቀዳዳ የሚሸፍነው ጥብጣብ ሸሽቷል። የኤሌክትሪክ ናስትሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሙጫው በሙቀት ይላላና ይንሸራተታል። የሸራ ጥብጣብ የምንለምነው ለዚህ ነው፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ብዙ ከመነዳሪ ታድናለች።

ስለ ቸርኬ ማለቅ ግን ረዘም አድርገን እንናገር፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን እሱ ነው። የጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ፍሬን ያስበላል። በክረምት ደግሞ የጭቃው አሸዋ በፍሬኑ ጎማና በአሉሚኒየሙ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ፍሬኑ የሚይዘው የቸርኬው ግድግዳ ከ1 ሚሊሜትር ሲሳሳ ቸርኬው መጣል አለበት፤ አለዚያ የአየሩ ግፊት አንድ ቀን ይሰነጥቀዋል። ውፍረት በሚለካበት ተራ ካሊፐር ለመለካት ወደ ውስጥ የታጠፈው የቸርኬው ከንፈር ያስቸግራል። መላው ቀላል ነው፦ ጎማውን አውልቆ ባለ 2 ሚሊሜትር ራጂ ሁለት ቁራጭ፣ አንዱን በውስጥ አንዱን በውጭ ፍሬኑ በሚይዝበት ቦታ አስጠግቶ መለካት፣ ከተገኘው 4 ሚሊሜትር መቀነስ። ቸርኬውን በስድስት ቦታ እንለካለን፣ ትንሹን ቁጥር እናምናለን።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ቸርኬ የሚቃናበት ማቆሚያ 1፣ የራጂ ቁልፍ 3፣ ዲጂታል ካሊፐር 2፣ የግፊት መለኪያ ያለው የቁም መንፊያ 2። ከጎማ 559 የሆነ 30፣ 622 የሆነ 20፣ ለልጆች ብስክሌት 406 የሆነ 10፤ ለ590 እና ለ635 አራት አራት። ከመነዳሪ የእያንዳንዱ ጎማ እጥፍ ይሁን፤ ቫልቩ ወፍራሙ፣ እንደ መኪና ያለው ይሻላል። ቀጭኑ ቫልቭ በሰፊ ቀዳዳ ሲገባ ከሥሩ ይቀደዳል። በተጨማሪ ጥብጣብ 40፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የፍሬን ጎማ 50 ጥንድ።

ለጥምቀት ከውጭ የምትመጡ ጎማ በሻንጣ ማምጣት ትችላላችሁ። የሚታጠፈው ዓይነት ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ባለ ሽቦውም በሦስት ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ ሽቦው ግን እንዳይሰበር በኃይል አትጠፉት። ያገለገለ ጎማ እንቀበላለን፤ ጎኑ የተሰነጣጠቀ፣ ክሩ የወጣ ወይም የጠርዙ ሽቦ የታጠፈ ግን አይጠቅመንም፣ ባትደክሙበት እንወዳለን። ያገለገለ ቸርኬም ከላይ በተባለው መንገድ ተለክቶ 1.2 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነው።

በገንዘብ የምትረዱ፣ መጀመሪያ የሚገዛው ማቆሚያውና መንፊያው ነው፤ ከዚያ 559 ጎማ። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢና ወጪው በየወሩ መጠገኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጎማ የምትሰጡ ከማምጣታችሁ በፊት ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አሳዩን፤ የሞላልንን ልክ ትተን የጎደለውን እንነግራችኋለን።